የእማዬ ድምፅ እና ያልተንቀሳቀሰው 4 ፐርሰንት



ዛሬ ስለ ፖለቲካ አልጽፍም። ስለ ነዳጅ ዋጋም ሆነ ስለ ኤርፖርት ወረፋ አይደለም። ባለፉት ሳምንታት "ምነው ጠፋህ?" እያላችሁ በውስጥ መስመር ለጻፋችሁልኝ ሁሉ መልሱ ይኸውላችሁ፦ ከአንድ ላፕቶፕ ጋር ተጣልቼ ነው የከረምኩት። ነገሩ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። የሚጠቅም ነገርም አለበት፤ በተለይ የወላጆቻችሁን ድምፅ በስልክ አስቀርጻችሁ "አንድ ቀን እሠራዋለሁ" ብላችሁ መሳቢያ ውስጥ ላስቀመጣችሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እናቴ ያረፈችው አምና ኅዳር ላይ ነው፣ ደሴ። ለቀብር አልደረስኩም። እኛ ቲኬት ፈልገን፣ ፈቃድ ጠይቀን፣ ሻንጣ እስክንቋጥር ድረስ እዚያ ቀብሩ አልቆ ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። ይህን ያልቀመሰ ስደተኛ ጥቂት ነው፣ አላወራውም።

ከመሞቷ ከጥቂት ወራት በፊት ግን አንድ ደህና ነገር አድርጌ ነበር። ለአክስቴ ልጅ ሁለት ገጽ ሙሉ ጥያቄ ጽፌ ላክሁለትና "ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ስትጠጡ ስልክህን አቁመህ እነዚህን ጠይቅልኝ" አልኩት። የት ተወለደች፣ አባዬን እንዴት አገባችው፣ በክፉ ቀን ምን በልተው አለፉ፣ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ። ታዛዥ ልጅ ነው፣ ስምንት ቅዳሜ ቀረጸልኝ። ፍላሹ እዚህ ከሚመጣ ሰው ጋር፣ በበርበሬው ፌስታል ውስጥ ተጠቅልሎ ደረሰኝ። ስከፍተው 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ቪዲዮ፣ 52 ጊጋባይት። የመጀመሪያዋን ደቂቃ ብቻ አየሁና "ሲመቸኝ" ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ እማዬ ሞተች። ፍላሹ መሳቢያ ውስጥ አሥር ወር ተቀመጠ። በርበሬው አልቆ ሌላ መጣ፣ እኔ ግን መሳቢያውን አልከፈትኩትም።

ዘንድሮ ሙት ዓመቷ ሲቃረብ ዘመድ ወዳጁን እዚሁ ቤት ሰብስበን እንድናስባት ተስማማን። በዚያ ሰሞን የ14 ዓመቷ ልጄ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። "አባ፣ አያቴ ስልክ ላይ 'በላሽ ወይ?' ከማለት ሌላ ምን ታወራ ነበር?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። እውነቷን ነው። የእኛ ልጆች አያቶቻቸውን የሚያውቁት በአንድ ጥያቄ ነው።

እናም ወሰንኩ። ከ6 ሰዓት ከ40ው ውስጥ 40 ደቂቃ መርጬ፣ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ገብቶበት፣ እዚህ የተወለዱት ልጆች በሙሉ እማዬ ስታወራ እንዲያዩ። አምስት ሳምንት ነበረኝ። ለመተርጎም መጀመሪያ የተባለው ነገር መጻፍ አለበት፤ ለመጻፍ ደግሞ ዛሬ ዛሬ ማሽን አለ ይባላል። ቪዲዮ መቁረጫው ፕሮግራም፣ ስሙን አልጠራም፣ ድምፁን ሰምቶ ራሱ የሚጽፍበት ቁልፍ አለው። ሌሊት ሥራ ከመውጣቴ በፊት ቁልፉን ተጫንኩና ላፕቶፑን አልጋው ላይ ትቼ ወጣሁ።

ጠዋት ስመለስ 4 ፐርሰንት ላይ ነው። አሥር ሰዓት ሙሉ ነድቼ መጥቻለሁ፣ እሱ 4 ፐርሰንት!

የጻፈውን ከፍቼ ሳየው ደግሞ ሳቄም ብስጭቴም አንድ ላይ መጣ። ከቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ ስላጣሁ "ራስህ ለይ" ብዬው ነበር። የጻፈው እንግሊዝኛ ነው። ከ"ኦኬ" ሌላ የፈረንጅ ቃል የማታውቀው እናቴ፣ ረከቦት ፊት ተቀምጣ "ቪዲዮዬን ስለተመለከታችሁ አመሰግናለሁ" እያለች፣ ደጋግማ። ዩቲዩበር አድርጓት አረፈ።

እንግዲህ ታውቃላችሁ፣ መሪ ከመያዜ በፊት ኢንጂነር ነበርኩ። አምስት ኪሎ ኤሌክትሪካል ተምሬ፣ አራት ዓመት ሰብስቴሽን ላይ ሠርቻለሁ። ያ ሥራ ያስተማረኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ መስመር ሲወድቅ ሮጠህ ትራንስፎርመር አትቀይርም። መጀመሪያ ትለካለህ። ሰው ግን ኮምፒውተር ሲዘገይበት "አሮጌ ነው፣ አዲስ ልግዛ" ነው የሚለው። አዲሱን ልግዛ ብል የሁለት ሳምንት ገቢዬ ነው። ስለዚህ ለካሁ።

ከቪዲዮዎቹ ውስጥ 10 ደቂቃ ብቻ ቆርጬ መለኪያ አደረግኩት። ይህን ልብ በሉ፦ ሙሉውን እየሞከራችሁ ሌሊታችሁን አታቃጥሉ። 10 ደቂቃ ቁረጡና በእያንዳንዱ ሙከራ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ ሰዓቱን ጻፉ። እኔ የሒሳብ ማስታወሻዬ ታክሲው ውስጥ ደረሰኝ የምጽፍበት ደብተር ነው።

አማርኛ የሚችል ነገር ፍለጋ ከመቁረጫው ፕሮግራም ወጣሁ። ዊስፐር የሚባል አለ። ኦፕንኤአይ በፈረንጆቹ 2022 መስከረም ላይ በነጻ የለቀቀው ነው፤ አውርዳችሁ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ታስኬዱታላችሁ። የሚያወጣውን ጽሑፍ ኤስአርቲ በሚባለው ፋይል ታስቀምጡና መቁረጫው ፕሮግራም ውስጥ መልሳችሁ ትከቱታላችሁ። አማርኛ ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ትልቁን ሞዴል አወረድኩ፣ ቋንቋውን አማርኛ አልኩት፣ 10 ደቂቃዋን ሰጠሁት። 70 ደቂቃ ፈጀበት። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ሙሉው 400 ደቂቃ ነው፣ በዚህ አካሄድ ወደ 47 ሰዓት። ላፕቶፑ ደግሞ ምጣድ ሆኗል።

መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር የሚያሳፍር ነው። ከአልጋ ላይ አነሳሁት። ፍራሽ ላይ የተቀመጠ ላፕቶፕ ከሥር አየር አያገኝም፤ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ዳገት ላይ ራዲያተሩ የፈላ መኪና አስቡ። ማራገቢያውን ከፍቼ የስድስት ዓመት አቧራ አወጣሁ፣ ቻርጀሩን ሰካሁ፣ ኃይል ቆጣቢውን አጠፋሁ። 70 የነበረው 58 ሆነ። አንድ ሳንቲም ሳላወጣ።

ሁለተኛ፣ ቪዲዮውን ሳይሆን ድምፁን ብቻ ሰጠሁት። ማሽኑ የእማዬን ነጠላ አያይም፣ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ዊስፐር ውስጥ ውስጡን ማንኛውንም ድምፅ ወደ አንድ ቻናል፣ በሰከንድ 16,000 ናሙና ይቀይረዋል። እኔው ቀድሜ ቀየርኩለት። 52 ጊጋው 768 ሜጋ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ይህ ብቻውን ሰዓቱን ብዙም አልቀነሰውም፣ ግን ከፍላሽ እያነበበ የሚንተባተበው ነገር ቀረ፤ ፋይሉንም እንደልቤ አዘዋወርኩት።

ሦስተኛው ትልቁ ነው። ፕሮግራሙ ገና ሲነሳ አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፣ "ይህ ዓይነቱ ስሌት በፕሮሰሰሩ ስለማይቻል በሌላኛው እሠራለሁ" ዓይነት ነገር። ሦስት ቀን ሙሉ ፊቴ ሲጽፈው አላነበብኩትም። ትርጉሙ፦ ግራፊክስ ካርዱን አልነካሁትም፣ ሥራው ሁሉ ዋናው ፕሮሰሰር ላይ ነው ማለቱ ነው። ይህ ላፕቶፕ ደግሞ ልጆቼ ጌም ይጫወቱበት የነበረ ነው፣ 6 ጊጋ ሜሞሪ ያለው ግራፊክስ ካርድ አለው። ተኝቷል ሰውዬው!

ልዩነቱን በእኛ አገር ነገር ላስረዳችሁ። ፕሮሰሰር ማለት አንድ ጎበዝ ገበሬ ነው። ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል፣ ይዳኛል፣ ሁሉን ይችላል። ግራፊክስ ካርድ ደግሞ ደቦ ነው። እያንዳንዱ ሰው የሚያውቀው ማጨድ ብቻ ነው፣ ግን ሺህ ሆነው ይወርዱበታል። ድምፅን ወደ ጽሑፍ መቀየር ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ብዜት እና ድምር ነው፣ ማለትም አጨዳ። እኔ ለካ ደቦውን ጥላ ሥር አስቀምጬ አንዱን ገበሬ ብቻዬን እገድለው ነበር። የጎደለው የግራፊክስ ካርዱን ቋንቋ የሚያውቀው ተጨማሪ ነበር፤ እሱን ጫንኩ።

ሲነሳ "ሜሞሪ አልበቃኝም" አለ። ትልቁ ሞዴል እንደ ወረደ ወደ 10 ጊጋ ይፈልጋል፣ የእኔ 6 ነው። መፍትሔው ፋስተር ዊስፐር የሚባለው ሌላ አሠራር ነው። ያው ሞዴል ነው፣ ሞተሩ ግን እንደ አዲስ የተጻፈ። ቁጥሮቹንም አሳንሶ፣ በ8 ቢት አድርጎ ያስቀምጣቸዋል። ሚዛኑን በግራም ከመያዝ በኪሎ እንደመያዝ ነው፤ ትንሽ ይቀራል፣ ጭነቱ ግን ይገባል። ገባ። 58 ደቂቃ የነበረው 9 ደቂቃ ሆነ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቻዬን እልል ማለት ቀረኝ።

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። እንግሊዝኛ የሚያወራ ሌላ የ10 ደቂቃ ድምፅ ለሙከራ ስሰጠው በሁለት ደቂቃ አካባቢ ይጨርሳል። አንድ ማሽን፣ አንድ ሞዴል፣ አንድ ርዝመት። የእማዬ ለምን 9?

ይህ ጥያቄ ሁለት ሌሊት ወሰደብኝ፣ ግን መልሱን ሳገኘው ወንበሬ ላይ ዝም ብዬ ቀረሁ። እነዚህ ሞዴሎች ጽሑፍን የሚያወጡት በቁራጭ ነው፣ አንድ ቁራጭ፣ ቀጥሎ ሌላ ቁራጭ። የተለመደ የእንግሊዝኛ ቃል ሙሉውን አንድ ቁራጭ ነው። የእኛ ፊደል ግን ኮምፒውተር ውስጥ ሲቀመጥ እያንዳንዷ ሆሄ 3 ባይት ናት፤ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ናት። ማሽኑ ሲማር አማርኛን ብዙ ስላላየ ሆሄያችንን ጠቅልሎ አልያዘውም፤ አንዷ ሆሄ እስከ ሦስት ቁራጭ ልትሆን ትችላለች። "ሰላም" ለማለት እስከ ዘጠኝ ጊዜ መመላለስ ማለት ነው። እንግሊዙ አንድ ጊዜ ብሎ ያልፋል።

ዊስፐር ደግሞ ድምፁን በ30 ሰከንድ እየቆረጠ ነው የሚሰማው፣ በእያንዳንዱ 30 ሰከንድ ሊጽፍ የሚችለውም ከ224 ቁራጭ አይበልጥም። እማዬ ሞቅ ሲላት በሰከንድ ሁለት ቃል ትላለች። በ30 ሰከንድ 60 ቃል፣ ቃሉ በአማካይ አራት ሆሄ ቢሆን 240 ሆሄ። እያንዳንዷ ሆሄ አንድ ቁራጭ ብቻ ብትሆን እንኳ ኮታው አልቋል። እናቴ ገና ወሬዋን ሳትጨርስ ኮታዋ አለቀ!

በዚህ ላይ ማሽኑ የጻፈውን ራሱ ይጠራጠራል። ቃል ሲደጋግም ወይም እርግጠኛ ሳይሆን ሲቀር ያንኑ 30 ሰከንድ እንደገና ይሞክራል፣ እስከ ስድስት ጊዜ። እንግሊዝኛ ላይ አይጠራጠርም። ለምን ይጠራጠር? ዊስፐር መጀመሪያ ሲወጣ ከተማረበት 680,000 ሰዓት ድምፅ ውስጥ ለ96ቱ ሌሎች ቋንቋዎች በአንድ ላይ የደረሳቸው 117,000 ነው፤ አማርኛ ከነዚያ ከ96ቱ አንዱ ነው። እናም ስድስት ጊዜ ይጠራጠርና ስድስተኛውንም ይሳሳታል።

ያን አጠፋሁበት። "አንድ ጊዜ ሞክር፣ ያገኘኸውን ጻፍና ቀጥል" አልኩት። ያለፈውን ጽሑፍ እያየ የሚቀጥለውን የሚገምትበትንም አጠፋሁ፣ ምክንያቱም አንዴ "እሺ እሺ እሺ" ማለት ከጀመረ አሥር ደቂቃ አያቆምም ነበር። ቋንቋውን ሁልጊዜ በግልጽ እሰጠዋለሁ፤ "ራስህ ለይ" ከተባለ የሚለየው ከመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ነው። በእኔ ቪዲዮዎች መጀመሪያ ላይ ደግሞ የአክስቴ ልጅ "ቼክ፣ ቼክ፣ ዋን ቱ" እያለ ስልኩን ሲያስተካክል ነው የሚሰማው። በመቁረጫው ፕሮግራም ላይ እማዬ ፈረንጅ የሆነችው በእሱ ጦስ ሳይሆን አልቀረም።

9 ደቂቃው 3 ደቂቃ ሆነ።

አነስተኛ ሞዴል ብጠቀምስ? ሞከርኩት። ቱርቦ የሚባለው አለ፣ ጽሑፍ የሚያወጣው ክፍሉ ከ32 ንብርብር ወደ 4 የተቀነሰለት። ለእንግሊዝኛ ቪዲዮ ከሆነ ሌላ አትፈልጉ፣ እሱን ውሰዱ፣ ይበራል። የእማዬን ድምፅ ስሰጠው ግን የባሰ አወላገደው። ፍጥነት የሚቀነስበት ቦታ አለ፣ የማይቀነስበት አለ።

የመጨረሻው ዝምታን መቁረጥ ነበር። የቡና ወግ ታውቃላችሁ፦ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይጠበቃል። ማሽኑ ዝምታ ሲሰጡት ዝም አይልም፣ ከራሱ ፈጥሮ ይጽፋል። "ስለተመለከታችሁ አመሰግናለሁ" የመጣውም ከዚያ ነው። ስለዚህ ሰው የሚናገርበትን እና የማይናገርበትን ለይቶ ዝምታውን የሚያወጣ ማጣሪያ አለ፣ እሱን ከፈትኩ። ከ400 ደቂቃው 140 ተቆርጦ ወጣ፣ 260 ቀረ። ሙሉው ሥራ በ1 ሰዓት ከ18 ደቂቃ አለቀ። ከ47 ሰዓት! ሎት ላይ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ፤ አንዱ ጓደኛችን "አንተ ሰውዬ መኪናህም እንዲህ ብትፈጥን ደግ ነበር" አለኝ።

ጽሑፉ እንዴት ነበር? አትጠይቁኝ። ከወሎ አነጋገር ጋር አልተዋወቁም። አንዳንዱ ቃል ልክ ነው፣ ብዙው አማርኛ የሚመስል ግን አማርኛ ያልሆነ። ነገር ግን አንድ የማይናቅ ነገር ሰጠኝ፤ ሰዓቱን። እያንዳንዷ ዓረፍተ ነገር ከየትኛው ሰከንድ ጀምራ የትኛው ላይ እንዳለቀች ተለይቶ ተቀምጧል። ጽሑፉን ትቼ ሰዓቱን ያዝኩ። ከዚያ ሬገን ኤርፖርት ሎት ላይ ወረፋ ስጠብቅ፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አድርጌ፣ በስልኬ ራሴ መጻፍ ጀመርኩ። አንዷን ደቂቃ ለመጻፍ አምስት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ማሽኑ መጀመሪያና መጨረሻውን ባይቆርጥልኝ ኖሮ የዓመት ሥራ ነበር። አሥር ወር ያልከፈትኩትን ድምፅ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ሰማሁት። ተሳፋሪ ሲገባ አቋርጣለሁ፣ ሲወርድ እቀጥላለሁ። አንዷ ሴትዮ "አለቀስክ እንዴ?" ብላኛለች፣ "አለርጂ ነው" አልኳት።

አሁን ይህን ሁሉ የምጽፍበትን ምክንያት ልንገራችሁ።

ቅዳሜው ሳምንት ሲቀረው ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ እንግሊዝኛውን አብረን እያስገባን ነበር። እኔ እላለሁ፣ እሷ ታስተካክላለች፤ "አባ፣ እንደዚህ የሚል ሰው የለም" እያለች። አንድ ቦታ ላይ ድንገት "አቁመው" አለችኝ። "አያቴ እዚህ ጋ እያወራች ነው፣ ጽሑፍ ግን የለም።"

"ዝም ብላ ነው፣ ቡና እየቀዳች ነው" አልኳት።

"አባ፣ ከንፈሯን እየው።"

አየሁት። እማዬ አንገቷን ወደ ጀበናው ደፍታለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ማጣሪያው "ሰው አይናገርም" ብሎ የቆረጠው ቦታ ነው። ስለዚህ ከማሽኑ ሰዓት ወደ ሰዓት እየዘለልኩ ስጽፍ እኔም አልሰማሁትም። ድምፁን ሙሉ ከፈትኩት። የስኒ ኳኳታ አለ፣ የአክስቴ ልጅ ጥያቄ አለ፣ እኔ ያልጻፍኩለት፣ ከራሱ የጠየቀው። "እትዬ፣ ወንድሜ አሜሪካ ምን እንደሚሠራ ነግሮሽ ያውቃል?"

ለእማዬ ታክሲ እንደምነዳ ነግሬያት አላውቅም ነበር። አባዬ ዕድሜውን በሙሉ ኤንትሬ ነድቷል፣ ደሴ አሰብ፣ አሰብ ደሴ። ወገቡ እስኪጎብጥ። አምስት ኪሎ ስገባ የተናገረው አንድ ነገር ነበር፦ "አንተ መሪ አትይዝም።" እሱ በዚያ ተስፋ ሞተ። እኔ እዚህ መጥቼ ወረቀቴን ይዤ ስንቱን መሥሪያ ቤት አንኳኩቼ መሪ ያዝኩ። ለእሷ ግን "ቢሮ ነው የምሠራው" አልኳት፤ አንዴ ካልኩ በኋላ ለአሥራ አምስት ዓመት ቢሮ ሆኖ ቀረ።

እማዬ በዚያ በተቆረጠው ድምፅ ላይ እንዲህ ትላለች፦

"ቢሮ ይለኛል። ቢሮ ውስጥ ፍሬቻ ይጮሃል እንዴ? ማርያምን፣ ስንት ዘመን የሾፌር ሚስት ነበርሁ። ጢቅ ጢቅ ሲል እሰማዋለሁ። መታጠፊያ ሲደርስ ወሬውን ያቆማል። ያን ጊዜ እኔም ዝም እላለሁ፣ ይታጠፍ ብዬ።"

ስንት ጊዜ ስልክ ላይ "ሃሎ? እማዬ? ኔትወርኩ ነው?" ብያታለሁ መሰላችሁ። ዝም ስትል መስመሩ የተቋረጠ ይመስለኝ ነበር። አንዳንዴም የተቀየመችኝ። እሷ እስክታጠፍ እየጠበቀችኝ ነበር።

ልጄ "ምን አለች?" ብላ ጠየቀችኝ። ለመተርጎም ጊዜ ወሰደብኝ። ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ "ዋሽተሃት ነበር?" አለችኝ። "አዎ" አልኳት። ከዚህ በላይ የምለው አልነበረኝም።

በዚያው ሌሊት ማጣሪያውን መልሼ ከፈትኩት። የሚቆርጥበት መለኪያ 0.5 ላይ ነበር፣ ወደ 0.3 አወረድኩት፤ ከእያንዳንዱ ንግግር ፊትና ኋላ ትንሽ ትርፍ ጊዜ እንዲተውም አደረግኩ። ያ ማለት ዝግ ያለ ድምፅን እንደ ንግግር ቁጠር ማለት ነው። ሥራው ጥቂት ደቂቃ ጨመረ። በምላሹ 23 ደቂቃ ንግግር ተመልሶ መጣ። 23 ደቂቃ! እናቴ ዝቅ አድርጋ የተናገረችው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ሰው ዋናውን ነገር ጮክ ብሎ አይናገርም፤ የእኛ እናቶች ደግሞ ይብሳሉ።

ሙት ዓመቱ ደረሰ፣ ቪዲዮውን አየን። ሕፃናቱ ምንጣፍ ላይ፣ ትልልቆቹ ከኋላ። ፍሬቻው ጋ ሲደርስ ልጆቹ ጽሑፉን አንብበው ሳቁ፣ ትልልቆቹ ደግሞ ድምፁን ሰምተው ዝም አሉ። አጎቴ፣ እሱም ታክሲ የነዳ ነው፣ "መልሰው እስቲ እሷን" አለኝ። መለስኩለት። ሦስት ጊዜ አየነው።

እንግዲህ ለመቅረት ያህል፣ ከደብተሬ ላይ ባጭሩ፦ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፣ አቧራውን አውጡ። ድምፁን ከቪዲዮው ለዩ። ግራፊክስ ካርዱ እየሠራ መሆኑን አረጋግጡ፣ ማስጠንቀቂያውን አንብቡ። ካርዱ ትንሽ ከሆነ በ8 ቢት ጫኑት። ቋንቋውን ራሳችሁ ንገሩት። ለእንግሊዝኛ ቱርቦውን፣ ለአማርኛ ትልቁን። ድጋሚ ሙከራውን አጥፉት። በ10 ደቂቃ ለኩ። ዝምታ የሚቆርጠውን ግን ተጠንቀቁት፤ የቆረጠውን ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ በዓይናችሁ እዩት፣ ከንፈር ይንቀሳቀሳል ወይ ብላችሁ።

ጥያቄ ያለው ከታች ይጻፍልኝ፣ ሎት ላይ ስሆን እመልሳለሁ። ኮምፒውተር አይገባኝም የምትሉ ደግሞ ኮምፒውተሩን ተዉትና ፍላሹን ብቻ አውጡት። ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬ ደውሉ። እየነዳችሁ ከሆነም እየነዳሁ ነው በሏቸው።

ከፊቴ ሁለት መኪና ነው የቀረው። ሰላም ዋሉ።